ርስት የሆነው ድልድይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው የድልድይ ነው።

ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው በሚሟገቱበት ዘመን፣ ጫካ መሐል ባለ ገደላም ወንዝ ላይ ያረጀ የድንጋይ ድልድይ ነበር። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን ይሻገርበታል። ቡሊት የምትባል አህያም ጡት ያልጣለች ውርንጭላዋን ማዶ ትታ፣ ጨው ልትልስ ወዲህ ተሻገረች። ስትመለስ ድልድዩ አፋፍ ላይ ችሎት ተሰይሞ አገኘች። ዳኛው አያ ዝንጀሮ ነበር።

«ድልድዩ ርስቴ ነው፤ ድንጋዩን የጎተተው አያቴ ነው!» አለ በሬ።

«ወግድ! ድንጋዩ የተጣበቀው በኖራና በእንቁላል ነው። እንቁላሉ የማን ነው?» አለች ዶሮ፣ ሳይፈለፈሉ ለቀሩት አጎቶቿ እያለቀሰች።

ጅብ ቀጠለ። «አያቴ ከሥራው ቦታ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ሠራተኞቹን የበላቸው እሱ ነው።» የሚያስተባብል ምስክር ስላልተረፈ ታመነለት።

ቡሊት ልጇ ትዝ ብሏት ልትሻገር ስትል በሬው «አንቺ አያት የለሽም እንዴ?» ብሎ ነካት። ኧረ ይሄ እንዴት ይዋጣል!

«ኖራውን ማን ተሸከመው? የአያቴ ወገብ የጎበጠው እዚህ ነው!» ብላ አናፋች። ልጇን እርስት አደረገቻት።

አያ ዝንጀሮ ድልድዩን ከላይም ከታችም አይቶ ተመለሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«መርምረናል። ድንጋዮቹ ጎብጠው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፎ ነው የቆሙት። ምን ዓይነት ውርደት ነው! የተከበረ ርስት በሌላ ትከሻ ይኖራል? ሁሉም ድርሻውን ይውሰድ፤ ድንጋዩም ራሱን ችሎ ይቁም። ለቡሊት ከአናቱ፣ መሐለኛዋ ድንጋይ ትሰጣት።»

እልል ተባለ። ቡሊት ቸኩላ ነበርና ቀድማ ድንጋይዋን በጠፍር አሰረች፤ ከዳር ሆናም ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበቻት። ድንጋይዋ እጇ ገባች፤ ድልድዩ ወንዝ ገባ። በሬና ጅብ ወዲያው ወንዙን «ርስታችንን ቀማን» ብለው ከሰሱ። ዶሮ የእንቁላሉን ካሣ ጠየቀች።

ከማዶ ግን የተራበች ውርንጭላ ትጮኻለች። «እማ፣ በየት በኩል ልምጣ?»

ቡሊት ያን ጊዜ ደነገጠች። ጡቷ አግቶ ወጥሯታል። ዙሪያዋን ብታይ ሁሉም ክስ ላይ ነው። ምን ትበል? ድንጋይዋ ላይ ወጣች።

«አይዞሽ ልጄ! የአያትሽን ርስት አስመልሼልሻለሁ!»

ውርንጭላዋ ገደሉን አየች፤ ድንጋይዋን አየች።

«እማ፣ ድንጋይ ይጠባል እንዴ?»