አጉራሿ ከቤዱዊኖች ድንኳን

አምስት ሐበሻ ከተሰበሰበ አንዱ አጉራሽ ነው። አጉራሽ የስኳር በሽተኛ አያውቅም፣ ዳይት አያውቅም፣ "ጠግቤያለሁ" ሲሉትም እንደ ሰላምታ ይቆጥረዋል።

የእኛዋ ክብርት አጉራሽ እትዬ ውብአለም ይባላሉ። ስልሳን ያለፉ፣ በስደት አገር ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ እኔ የምኖርበት ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም አብረውኝ አረብኛ የሚማሩ ሴት ናቸው። የተመዘገቡት አረብ ጎረቤቶቻቸውን በቋንቋቸው "ብሉልኝ" ለማለት ነበር። እሱን በመጀመሪያው ቅዳሜ ቻሉት፤ የቀረውን ጊዜ ክፍሉን ሲያጎርሱ ከረሙ። በፈተና ሰዓት እንኳ ሳምቡሳ አፌ ውስጥ ገብቷል፤ መምህራችን ራንያ ኩረጃ ይሁን አይሁን መወሰን አቃታት።

እኔ ደግሞ የአረብኛውን አንደኛ ደረጃ ለሦስተኛ ጊዜ እየተማርኩ ነበር። አብረውኝ የጀመሩት በአረብኛ ይቀልዳሉ፤ እኔ አሁንም በጣቴ እጠቁማለሁ። ባለቤቴ ሀኒ "ዘንድሮም ፓስ ካላደረግህ ለሰው ስቱደንት ነኝ እንዳትል" አለችኝ። በዚህ መሃል ራንያ አንድ ዕድል አመጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እርሻ ላይ ድንኳን ተክለው በበጋ የሚሰባሰቡ ቤዱዊን የሚባሉ የበረሃ አረብ ቤተሰቦችን ልንጎበኝ ነው፤ እዚያ ቆሞ በአረብኛ የምስጋና ንግግር ያደረገ ያልፋል። እጄን አወጣሁ። ንግግሩን ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ለብቻዬ ስለማመድ ሰነበትኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ራንያ አስጠነቀቀችን። "በእነሱ ወግ እንግዳ ሳይጠግብ ባለቤቱ አይቀምስም። ቆሞ ያስተናግዳል። ብላ እያላችሁ እንዳታስቸግሩት።"

እትዬ ውብአለም ግን "ሾፌሩስ ቁርስ በልቷል?" እያሉ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። የበግ ሥጋ በሩዝ በትልቅ ትሪ ቀረበ። አስተናጋጃችን ሽማግሌው አቡ ሳሌም ከበላያችን ቆመው ምርጥ ምርጡን ሥጋ ወደ ፊታችን ይገፋሉ።

"እሳቸው ቆመው ለእኔ እንዴት ይወርድልኛል?" አሉኝ እትዬ ውብአለም።

"ወጋቸው ነው፣ እትዬ። ራንያ ኤክስፕሌይን አድርጋለች እኮ።"

"ሰው ሲበላ ቆሞ ማየት ምን ወግ አለው!"

ራንያ ጠቀሰችኝ። ተነሳሁ። "አሰላሙ ዓለይኩም" አልኩ፤ ድንኳኑ በሙሉ መለሰልኝ። ከዚያ አፌን እንደከፈትኩ ከጎኔ አንድ እጅ መጣ። ሩዝና ሥጋ ጉንጬን ሞላው። እንደምንም ውጬ ቀና ስል "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ተባልኩና ሁለተኛው ገባ።

እትዬ በዚህም አላበቁም። ሌላ ጉርሻ አድቦልቡለው ወደ አቡ ሳሌም ዘረጉና ያችን አንዲት የአረብኛ ቃላቸውን "ብሉልኝ!" አሉ። ራንያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሽማግሌው ጉርሻውን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀበሉና ጎረሱት። ከዚያ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም።

በመልሱ መንገድ ንዴቴን መደበቅ አቃተኝ። "እትዬ፣ ንግግሬን እኮ አበላሹብኝ!"

"የቱን ንግግር?" አሉ። "ሰላም ካልክ በኋላ ከንፈርህ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም? አፉ የሞላ ሰው ደግሞ ተናገር አይባልም።"

እውነታቸውን ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ሁሉ ድርግም ብሎ ጠፍቶብኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከማፈር ያተረፈኝ የእሳቸው ሩዝ ነው፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ስረግመው መጣሁ። እንዲህ ያሉ ሴት እንዴት አይወደዱም!

ራንያ እኔን ጣለችኝ። እትዬ ውብአለም አለፉ፤ ከክፍላችን በአረብኛ ተናግሮ ሽማግሌውን ያስበላ ሌላ ሰው የለም።

አሁን አንደኛ ደረጃን ለአራተኛ ጊዜ ይዣለሁ፤ እሳቸው ከጎናችን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ገብተዋል። ባለፈው ቅዳሜ በዕረፍት ሰዓት በራችን ተንኳኳ። ማን እንደሆነ ሳላይ፣ ሰላምም ሳልል፣ አፌን ከፈትኩ።