የዋርካ ሰፈር አፍ መሸፈኛ

በወረርሽኙ ሰሞን በዋርካ ሰፈር ቀበሌ አዳራሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ አፍ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርግ የተገኘ ሰው ምን ይደረግ የሚል።

ልብስ ሰፊው እንዳላማው ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አፉን የሸፈነበት ጨርቅ በእሱ መኪና የተሰፋ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጥላዬ የአዳራሹን አሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ አስወርደው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንድነታችን ከሩቅ ይታይ ብለው አሸክመው ልከውለት ነበር። ሁለት መቶ ሰፋ፤ ያውም ድርብ። ሲያስረክብ እጅህ ይባረክ ያለው የለም፤ እንዲያውም አንዱ የኮሚቴ አባል ክሩ ይሻክራል ብሎ አጉረመረመ። እንዳላማው እንዲህ ያለውን አይረሳም። የሚረሳ ቢሆን ኖሮ የዛሬ ስድስት ዓመት ስለ መንገድ መብራት ሊጠይቅ ሲነሳ አቶ ጥላዬ «ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ አያስተምረንም» ብለው ሕዝብ ያሳቁበትን ቀን በረሳ ነበር። ቀኑን፣ የሳቁትን ሰዎች፣ የተቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር ያስታውሳል።

የዚያን ቅዳሜ ግን የሚቆረቁረው ሌላ ነበር። የሰፈሩ ቦኖ ውሃ ከተቆለፈ አራት ወሩ ነው። እቤቱ ሴት ልጁ አራስ ናት። ሚስቱ በዚያ በሚያማት ወገቧ ጄሪካን አዝላ ከወንዝ ትመላለሳለች። ሕፃኑ ከተወለደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ዘጠኙንም ቀን የታጠበው በድፍርስ ውሃ ነው። ጉዳዩን አንስቶ ስሙን ቢያስጽፍ ደግሞ ምን እንደሚከተል ያውቃል። መብራት በጠየቀ ሰሞን የሱቁ ፋይል ከቀበሌው ጠፋ ተብሎ ሱቁ ስምንት ወር ተዘግቶበት ነበር።

መድረኩ ላይ ኮሚቴው ክርክሩን ጀመረ። አንዱ፣ አፉን ያልሸፈነ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ይቁም አለ። ሌላው ከገበያው በር ይመለስ አለ። ጠላ ቤት ያለ ሰው ሸፍኖ በምን በኩል ይጠጣል የሚለው ብቻውን አርባ ደቂቃ ፈጀ። አገጩ ላይ ያንጠለጠለስ? እንዳልሸፈነ ይቆጠር ተባለ። ይህን የወሰኑት አቶ ጥላዬ ራሳቸው አገጫቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። መድረክ ላይ ያለ ሰው ስለሚናገር ሕጉ አይመለከተውም ሲሉ አስረዱ፤ የሚሸፍነው ከታች ያለው ነው።

«በዚህ ቀበሌ የታመመ ቢኖር በአፉ ነው የታመመው» አሉ። «አፉን ይዞ የኖረ ሰው ሲታመም እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ተጨበጨበ። ሕጉ በጭብጨባ ጸደቀ። ያልሸፈነ ሁሉ ማንም ይሁን ማን ፀሐይ ላይ ይቆማል።

ከዚያ ዕድሉ ለቤቱ ተሰጠ። በዚያ አዳራሽ ወግ አለ፤ ተናጋሪው እጁን ያወጣል፣ ይነሳል፣ ማይክ ይቀበላል፣ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፣ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ ይላል። ጸሐፊው ስሙን ከጻፈ በኋላ ነው ነገሩ የሚጀመረው። ብዙውን ጊዜም ነገሩ እዚያው ስሙ ላይ ያልቃል። የዚያን ቀን ግን ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ብርቄ፣ ማይክ ከእጅ ወደ እጅ መዞር የለበትም፣ ሰውም ከቦታው አይነሳ፣ ሁሉም ተቀምጦ ይናገር አለች። አቶ ጥላዬ የጤና ነገር ነውና ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። ሳያስቡት።

እንዳላማው እጁን አላወጣም። ወደ መሬት አቀርቅሮ፣

«እጃችሁን ታጠቡ ብላችሁናል። በምን?» አለ።

ድርቡ ጨርቅ ድምፁን አፍኖ የሌላ ሰው ድምፅ አስመሰለው። እሱንም አስደነገጠው። ቀጥሎ አንድ ሰው ከጨርቁ ሥር ሳቀ፤ ሳቁ ከረድፍ ረድፍ ሄደ፤ ማን እንደሳቀ ግን አይታይም። ከፊት በኩል አንድ ድምፅ፣ ቦኖው ከተቆለፈ አራት ወሩ ነው አለ። ከመስኮቱ በኩል ሌላው፣ ቧንቧው ወደ ሊቀመንበሩ እንግዳ ማረፊያ ዞሮ ነው አለ። አንዲት ሴት፣ የእንግዳ ማረፊያው አበባ እንኳ ከኛ ልጆች ይበልጥ ንጹሕ ነው አለች።

አቶ ጥላዬ ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለት መቶ አረንጓዴ አፍ አያቸው።

«ማነው መጀመሪያ የተናገረው? እስቲ ለአንድ አፍታ አውልቁት።»

«አቶ ጥላዬ» አለች ሲስተር ብርቄ፣ «አሁን እኮ ነው ያጸደቅነው።»

ከመካከል አንዱ፣ እኛ ሕግ አንጥስም፣ ፀሐዩ ይከብደናል አለ። አቶ ጥላዬ ተመልሰው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ፊታቸው ተለወጠ፤ ለሰለሰ። ጥያቄው የበሰለ ጥያቄ ነው አሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ለኮሚቴው ያስፈልጋል፤ ይህ ወንድማችን ፊቱን ያሳየንና እናመስግነው፣ ስሙም በቃለ ጉባኤው ይግባ።

ወጥመድ መሆኑን እንዳላማው አላጣውም። ቢሆንም እጁ ወደ ጆሮው፣ ወደ ክሩ ሄደ። ስድስት ዓመት የጠበቃት ቀን ናት። የሳቁበት ሁሉ እዚህ አሉ። አንዴ ዝቅ ቢያደርገው፣ ያ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረው ነው ለካ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሱቁ ፋይል ቢፈልግ ይጥፋ። ክሩን ያዘው።

አጠገቡ ጎረቤቱ እትዬ አሰገደች ነበሩ። ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳያነሱ፣

«ጠበቀህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«ትንሽ፣ እትዬ።»

«ቻለው። አራስ ቤትህ ናት።»

እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው። እንደዚያን ቀን ከብዶት አያውቅም።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንዳነሳ፣ በማን ስም ልጻፈው ብሎ ጠየቀ። መልስ የሚሰጠው ሲያጣ «ሕዝቡ» ብሎ ጻፈ። ሲስተር ብርቄም በበኩሏ ለወረዳው በምትልከው ሪፖርት ላይ አሰፈረችው። ሐሙስ ዕለት ቦኖው ተከፈተ። ሪባኑን የቆረጡት አቶ ጥላዬ ናቸው፤ የሕዝቡን ጥያቄ ሕዝቡ ሳይጠይቅ ማወቅ የመሪ ግዴታ ነው ብለው ንግግር አደረጉ።

እንዳላማው ጄሪካኑን ይዞ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰማ። ከፊቱ የነበረ ሰው፣ ያን ቀን የጠየቀው ማን ይሁን አለ ለጓደኛው። ጓደኛው፣ አነጋገሩ የተማረ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ መሆን አለበት አለ። እንዳላማው ተራው ሲደርስ ጄሪካኑን ሞልቶ ለአራሷ ወሰደ። የልጅ ልጁ በዚያ ቀን በጠራ ውሃ ታጠበ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ጥላዬ፣ በሽታው በአጎራባች ቀበሌዎች ገና ባይጠፋም በዋርካ ሰፈር በተደረገው ርብርብ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፣ በተለይ አዳራሹ ውስጥ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ማንም ተሸፍኖ እንዳይገባ ሲሉ አስለጥፈው ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው ጨርቁን እየተቀበለ በካርቶን ይከታል። እንዳላማው ዘንድ ሲደርስ እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ያውልቁት እንጂ። በሽታው እኮ ጠፍቷል።»

እንዳላማው በዘበኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ መድረኩ ላይ የተቀመጡትን አቶ ጥላዬን ተመለከተ። ክሩን ጠበቅ አደረገና ወደ ቤቱ ለመመለስ ዞረ።

«የናንተው ጠፍቶ ይሆናል» አለ። «የኔው ያው ተቀምጧል።»