ሊቀ ተፈታኙ

የመንጃ ፈቃድ ፈተና በሚሰጥበት ሜዳ ሁሉ አንድ ሊቀ ተፈታኝ አይጠፋም። ሌላው ሰው አልፎ ሊሄድ ይመጣል፤ እሱ ሊፈተን ይመጣል። የትኛው ፈታኝ ቁርሱን ሳይበላ እንደሚመጣ ያውቃል። የሦስት ቁጥሯ መኪና ፍሪሲዮን ከፍ ብሎ እንደሚይዝ፣ የአምስት ቁጥሯ ስፖኪዮ በትንሹ እንደላላ ያውቃል። ጥበቃው መታወቂያ አይጠይቀውም፤ እንዲያውም ለአፍታ ዞር ሲል በሩን አደራ የሚለው እሱን ነው። በአጭሩ ምስጢር ሁሉ የተገለጠለት ሊቅ ነው፤ የጎደለችው መንጃ ፈቃዷ ብቻ ናት።

የእኛው ሊቀ ተፈታኝ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ዘለግ ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ። ማክሰኞ የእረፍት ቀኑ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ የፈተና ቀን ነው። ሰው አንዴ ከወደቀ በወሩ እንጂ ቶሎ አይፈተንም፤ እሱ ግን ተራው ባይሆንም ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አጥሩ ጥግ ካለችው አግዳሚ አይጠፋም። ማዕረጉንም የሰጡት እዚያች አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁት ናቸው።

ልጅቷ እሱን ያወቀችው በወደቀችበት ማክሰኞ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከቤተሰብ ተለይታ ወደ ከተማው ከመጣች ስምንት ወሯ፤ የመድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። ብዙ በር ባለው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የጎረቤቷን ሳል ለይታ ታውቀዋለች፤ ፊቱን ግን አታውቀውም። እሁድ ከማንም ጋር ሳታወራ ስለምትውል፣ አመሻሽ ላይ ሱቅ ሄዳ ዳቦ ስትጠይቅ ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣና ራሷን ያስደነግጣታል። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ የዕቃ መኪናው ሹፌር ሊለቅ ስለሆነ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ቦታው ያንቺ ነው ሲሏት በደስታ ልታብድ ደረሰች። ሹመቱ አይደለም ያስደሰታት። ከካርቶን ጋር ተፋጦ ከመዋል፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ እየዞሩ እንደምን አደራችሁ ማለት ይሻላል ብላ ነው።

እናላችሁ፣ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ የተተከለውን ምልክት ደፍጥጣው ቆመች። ፈታኙ ወረቀታቸው ላይ አንዲት መስመር አሰመሩና ውረጂ አሏት። ሄዳ አግዳሚዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋን ለመደበቅ ባትሪው የሞተ ስልኳን አቀርቅራ ታነባለች።

ሊቀ ተፈታኙ አይዞሽ አላላትም። ሁለት ጡብ ይዞ መጣና እግሯ ስር አስቀመጠ። ይኼኛው ፍሪሲዮን፣ ያኛው ነዳጅ፣ እርገጪ አላት። ግራ ቢገባትም ረገጠች። ከዚያ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል በአፉ እንደ ሞተር ያጓራ ጀመር። ድምፁ ወፈር ሲል የእጅ ፍሬኑን እንድትለቅ ነገራት፤ ችግርሽ ጆሮሽ እንጂ እግርሽ አይደለም አላት። ሃያ ጊዜ አጓራላት፤ ሃያ ጊዜ ጡብ ረገጠች። አስተማሪ መስሏት እርስዎ እያለች፣ መምህር እያለች ታመሰግነዋለች። እሱም ማዕረጉን ዝም ብሎ ተቀበለ።

ኋላ ቁጥሩ ሲጠራ ነው ጉዱ የወጣው። ሊቀ ተፈታኙ ሲነሳ አግዳሚው ሁሉ ለክብሩ ተነሣ። አጠገቧ የነበረችው ሴት ጠጋ ብላ ሲፈተን ሰባተኛ ጊዜው እኮ ነው ስትላት፣ ልጅቷ መውደቋም ተረስቷት ሳቋ መጣ። አፍ ዳገት አይፈራም አለች በሆዷ።

ፈረደችበት እንጂ እሱስ ዳገቷን ፉት ነው ያላት። የኋልዮሽ ማቆሙንም፣ መጠምዘዣውንም እንከን ሳያወጡለት ጨረሰ። እሱን የሚጥለው መንገዱ ነው። ከሜዳው የምትወጣው ጠባብ መንገድ መብራት የሌለበት መገንጠያ ላይ ትደርስና ከዋናው ጎዳና ትገናኛለች። እዚያ ሲደርስ ሊቀ ተፈታኙ ይቆማል። ደንብ ነው፣ ይቆማል። ከዚያ አውቶቡስ ያሳልፋል፣ ብስክሌት ያሳልፋል፣ ገና ከሩቅ ብልጭ ያለችውን ሞተር ያሳልፋል። አንዴማ በራፏ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስር ሴት አይቶ ቆመላት፤ ሴትዮዋ የመሻገር ሐሳብም አልነበራት፣ ጫማዋን አስራ ተመልሳ ቤቷ ገባች። ፈታኙ ሰዓታቸውን አይተው ሲነጫነጩ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እነሱ ይለፉና» ይላል። ጊዜው ያልቅና ተመለስ ይባላል። አንድ ቀን ፈታኙ ራሳቸው አዝነው፣ ወንድሜ መንገዱ እኮ ላንተም ተሠርቷል ብለውታል አሉ።

ልጅቷ በቀጣዩ ማክሰኞ የምሳ ሰዓቷን ይዛ ተመልሳ መጣች። ለጡቡ ብላ ነበር። በሦስተኛው ማክሰኞ ግን ራሷን አልዋሸችም፤ በሳምንት አንድ ቀን ስሟን የሚጠራት ሰው ፍለጋ ነው። እሱም እየቆራረጠ የነገራት አለ። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዓይናቸው ደከመና ተቀመጡ። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ እሱን ትጠብቃለች። በተፈተነ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይደውሉለታል። እህስ ይሉታል። ገና ነው አባባ ይላል። በል ይሁን ብለው ይዘጋሉ። ሌላ የሚያወሩት የላቸውም። የጽሑፍ ፈተናው ውጤት ደግሞ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ዓመቱ ካለፈ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ ያን ጊዜ አባቱ መኪናዋን ሊሸጡ ቆርጠዋል። ይኼን ሲነግራት የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ቆለፈው።

ስልኩ ውስጥ ያስተማራቸው ሰዎች ሁሉ አሉ፤ ግን በስማቸው አይደለም፣ በጣላቸው ነገር ነው። ዳገት ሴትዮ። ስፖኪዮ ነጭ ሸሚዝ። ማርሽ ሦስት። ሁሉም ሲያልፉ እንደውልልሃለን ብለውት ሄደዋል። ይደውላሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደውሉም አላት፣ ያለ ቅሬታ። እየነዱ ስልክ ማውራት ክልክል ነው ብሎ ራሱ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እሷ ሳቋ አልመጣላትም።

በወሩ ልጅቷ አለፈች፤ በዚያው ቀን ሊቀ ተፈታኙ ለስምንተኛ ጊዜ ወደቀ። ወረቀቷን ይዛ እህቷ ጋ ደወለች። እህቷ ጎበዝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ማታ እናወራለን ብላ ዘጋችው፤ ማታ ግን አልደወለችም። ልጅቷ የምትነግረው ሰው ፍለጋ ዓይኗን ስታንከራትት እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ከመጀመሪያው ጀምሪና ንገሪኝ አላት። ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበርሽ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ምን አለሽ፣ ፈታኙ ሳሉ ወይስ ዝም አሉ። ከወደቀ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። በዚያ ከተማ እስከዚያ ቀን እንደዚያ ሆኖ ያዳመጣት ሰው አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ እንደምትደውል በእናቷ ስም ማለች።

አልደወለችም። የመጀመሪያውን ሳምንት መኪናው አዲስ ሆነባት። በሁለተኛው፣ አለፍክ ወይ ብዬ ብጠይቀው ያፌዝኩበት ይመስለዋል ብላ ተወችው። ከዚያ በኋላማ ዓይኗን በምን ጨው አጥባ ትደውል። ስልኩን አውጥታ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች። ጭራሽ ማክሰኞ ማክሰኞ በሜዳው በኩል እንዳታልፍ ዙሪያውን በገበያው መንገድ መዞር ጀመረች። ፋርማሲዎቹም ያሰበችውን ያህል አልሆኑላትም፤ እንደምን አደራችሁ ትላለች፣ እዚያ አስቀምጪው ይሏታል። የእሱን ወራት ግን በልቧ ትቆጥር ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ።

በአሥራ ሁለተኛው፣ በመጨረሻው ወሩ፣ በፈተናው ማክሰኞ ጠዋት የገበያው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ተዘጋ። ወዳ ሳይሆን ተገዳ በዋናው ጎዳና መጣች። መገንጠያው ጋ ስትቃረብ አንዲት የፈተና መኪና አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ ቆማለች። መሪው ላይ ያለው ሰው ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። አጠገቡ ፈታኙ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ልጅቷ ፍሬን ያዘች። ቅድሚያው የእሷ ነው፤ እሱ ደግሞ ደንብ ያውቃል። በእጇ እለፍ አለችው። አያት፤ ለአፍታ ፊቱ በራ። ከዚያ ይኼ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ከተማውን ሲያሳልፍ የኖረው ሰው፣ በትህትና እጁን ዘርግቶ አንቺ እለፊ አላት። እሷም መልሳ እለፍ አለችው። እሱም መልሶ። ከኋላዋ ክላክስ ተጀመረ፤ አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ጎዳናውን ሞላው። ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ሰው እስከጠበቀው ድረስ እንደማይንቀሳቀስ ታውቃለች። ስለዚህ ሞተሩን አጠፋችው። ቁልፉን ነቅላ እንዲያየው ከመሪው በላይ አነሣችው፣ ከዚያም መቀመጫው ላይ ወርውራ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች።

ሊቀ ተፈታኙ ቁልፉን አየ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ፍሬቻውን አበራ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀና ወጣ። በፊቷ ሲያልፍ ዞሮም አላያት፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ሄደ።

ከኋላዋ የነበረ ሹፌር ወርዶ መስኮቷ ጋ ቆሟል፤ አብደሻል ወይ፣ መንገዱ የአባትሽ ነው ወይ እያለ ይጮኻል። ልጅቷ የሚወርድ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ወንድሜ ነው» አለችው። «ፈተና ላይ ነው።»

ሰውዬው የሄደችውን መኪና በዓይኑ ተከተላት። ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም ብሎ አጉረምርሞ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ልጅቷ ትንሽ ነድታ ጥግ ያዘችና ቆመች። ፋርማሲዎቹ ቢቆጡም ይቆጡ። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እደውላለሁ ትልና አሁን እየነዳ ነው ብላ ትተወዋለች። ሃያ ደቂቃ ሄደ፣ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ፤ እሱ ነው።

«አለፍኩ» አላት። ድምፁ ሻክሮ ነበር።

እሷ ስላልደወለችበት አራት ወር ልትናገር አሰበችና ለሌላ ቀን አሳደረችው።

«አባባ እየጠበቁህ ነው እኮ» አለችው በመጨረሻ። «ነገርካቸው?»

«ገና ነው» አላት። «መጀመሪያ ላንቺ ልንገር ብዬ ነው።»