ጤፍ የወቃው አውራ ጎዳና

መሃይምነት ነፃነት ነው! አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። እናንተ ነፃነታችሁን ገና በልጅነታችሁ ስላስረከባችሁ ጣዕሙን አታውቁትም። እኔ ግን ጢም ካበቀልኩ፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ልዩነቱን ከእኔ ጠይቁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ካሜራ አንግቶ ወደ ሐይቅ ከተማ የመጣ አንድ መነጽራም ነው። የተረሱ መንገዶችን ታሪክ ይሰበስባል አሉ። (ሰው ሥራ ሲያጣ የማይሠራው የለም!)

"አባቴ፣ ያ አሮጌ መንገድ በደርግ ጊዜ አውራ ጎዳና ነበር የሚባለው እውነት ነው?"

"ነበር።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"ከረፋድ እስከ ምሳ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ውጫሌ የሚወስደው ዋናው መንገድ በታች በኩል ከተሠራ ወዲህ፣ ላይኛውን የጣልያን መንገድ መኪና ረሳው። እኛ ግን አልረሳነውም። መሬታችን መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ጤፍ የሚወቃበት ደንዳና መሬት ቢፈለግ ያ መንገድ ብቻ ነበር። በእበት ለቅልቀን አውድማ አደረግነው። በእበት የተለቀለቀ ጎዳና ሌላ አገር ካለ አሳዩኝ!

በአንዱ ክረምት ጎርፍ የታችኛውን መንገድ ድልድይ ይዞት ሄደ። መንግሥትም ነቃና "ላይኛው ተለዋጭ አውራ ጎዳና ይሁን" አለ። ይሁን! እኔ ግን የዓመት ጉሮሮዬን፣ ያቺን አንዲት የጤፍ ክምር፣ ከመንገዱ ዳር ከምሬ በሬዎቹን ላስገባ ስል... አንድ የቆርቆሮ ሰሌዳ መጥቶ ተተከለ። ሰፈርተኛው ከበበው።

"አያ ይመር፣ የተማርከው አንተ ነህ። ምን ይላል?"

ደረቴን ነፋሁና አነበብኩ። "የመንግሥት አውራ ጎዳና። ማንኛውንም ነገር መውቃትና ማስጣት ክልክል ነው።"

ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ አፈጠጠ። ሰሌዳውን የተከልኩት እኔ ይመስል! ባለቤቴ ሀዋማ ጮኸችብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ባታነበው! ይኸኔ እየወቃን አልነበር?"

ይህቺን እስከ ዛሬ ትደግምልኛለች።

ደመናው አምባሰል ራስ ላይ ተጎልቶ ክምሬን ያያል። በታኅሣሥ ዝናብ! ካገኛት በስብሳ ልትቀር ነው። ወደ ቀበሌ ሮጥኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ቀን ብቻ ልውቃበት።"

"ጎዳናው ሳይመረቅ? አብደሃል እንዴ!"

ምረቃው ሲጠበቅ ሲጠበቅ የታችኛው ድልድይ ተጠግኖ አለቀ። መኪናው ሁሉ በታች መብረር ጀመረ። ታዲያ ተለዋጩ መንገድ መመረቁ ቀረ? ምን ሲደረግ! ለድግሱ በሬ ተገዝቷል፣ ንግግር ተጽፏል። በሬው ይመለስ ቢባል እንኳ ንግግሩን ማን ይመልሰዋል?

በዋዜማው ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ መንገድ ዳር ያለ ሰው ለእንግዶች ክብር ደጁን ሣር ይጎዝጉዝ! በዚያ በጋ ሣር ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ ሼህ ሰይድ ጢማቸውን እየዳበሱ ክምሬን አዩዋት፣ አዩዋትና...

"ይመር፣ ጤፍ ሣር አይደለም እንዴ?"

"ሣር ነው።"

"ታዲያ ለክቡር እንግዳ ምን ያሳሳሃል? ጎዝጉዝላቸው እንጂ!"

ጎዘጎዝኩ። ያለ ስስት! ክምሬን ከሥሯ አንስቼ መንገዱ ላይ ዘረጋኋት። ረፋድ ላይ ላንድሮቨሮቹና ወታደር የጫነው ካሚዮን መጡ። ጎማው ሲዞርበት ፍሬው ሲረግፍ ታየኝ። ሀዋ እልልታዋን አቀለጠችው። እንግዶቹ ለእነሱ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ መኪናው ቀጥ! ዋናው እንግዳ ወረዱ።

"ሰፊው ሕዝብ ያነጠፈልንን ክብር በጎማ አንረግጥም! በእግራችን እንሄዳለን!"

አለቀልኝ! ግማሹ ጤፍ ገና ዘለላው አልተነካም። "ኧረ ጓድ፣ በጎማ ይርገጡን!" ልል አፌን ስከፍት ሼህ ሰይድ ቀደሙኝ።

"ጓድ፣ ጫማዎን!"

"ጫማዬ ምን ሆነ?"

"አውድማ በጫማ አይረገጥም። በረካው ይሸሻል። ወይ ያውልቁ፣ ወይ መኪናዎ ይግቡ።"

"ይህ አውራ ጎዳና አይደለም እንዴ?"

"ወላሂ ነው! ሳይሾም በፊት ግን አውድማ ነበር።"

ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆነ። እንግዳው ቦት ጫማቸውን አዩት፤ ማሰሪያው እስከ ባታቸው ወጥቷል። ካልሲያቸው በምን ሁኔታ እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ... ብቻ ተመልሰው መኪናቸው ገቡ።

ወደ ድግሱ ሲያልፉ እኛ ጤፉን በመንሽ ገለበጥነው። ወታደሮቹ ጉዝጓዙን የምናሳምር መስሏቸው "በርቱ!" አሉን። በረታን! በልተው ሲመለሱ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ረገጡልን። እነሱ ከኮረብታው ሳይወርዱ እኛ ማዝራት ጀመርን። ማታ ያ የተጎለተ ደመና ሲወርድ ጤፌ ጎተራ ገብታለች፤ ጎርፉ አሮጌውን መንገድ ከሁለት ቆርጦት አደረ። ከዚያ ምሳ ወዲህ መኪና ሳያይ የአውራ ጎዳናው ዕድሜም በዚያው አበቃ።

መነጽራሙ ይህን ሁሉ ጻፈና "ሰሌዳውስ የለም? ፎቶ ላንሳው" አለኝ። ጓሮ ወሰድኩት። አለ፤ በድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ከላዩ የሀዋ በርበሬ ቀልቶበታል።

"ሀዋ፣ አንሽለት፤ ጽሑፉን ይፈልገዋል።"

"አልደረቀም። ሐሙስ ይምጣ።"

"እማማ፣" አለ ሰውዬው አጎንብሶ በበርበሬው መሀል ፊደል እየለቀመ፣ "እዚህ ላይ እኮ ማስጣት ክልክል ነው ይላል!"

ሀዋ ቀና ሳትል በርበሬዋን አገላበጠች።

"እኔ በምን አውቄ፣ ልጄ? ማንበብ የሚችለው እሱ ነው!"