የቾል መኪና ዳገት ስትወጣ

ደግነትን እንቢ እንደማለት ያለ ከባድ ሥራ አላውቅም። ክፉ ነገር ሲያቀርቡላችሁ ቀላል ነው፤ ፊታችሁን አጥቁራችሁ መሄድ ነው። ደግ ነገር ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል። ጠግባችሁ፣ በቃኝ ብላችሁ፣ ምላችሁ ተገዝታችሁ፣ የዋጣችኋትን ያችን የመጨረሻ ጉርሻ አስታውሱ። እኔ ጋምቤላ በነርስነት ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ይሉኝታ ይዞኝ የዋጥኩትን ሁሉ ብቆጥርላችሁ እናንተም ትደክማላችሁ።

ኒውላንድ በሚባለው የከተማው ሰፈር ቾል የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። ኢታንግ አጠገብ ባለው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል፤ በአሮጌ ነጭ መኪናው ጧት ሄዶ ማታ ይመለሳል። እኔን "ዶክተር" ይለኛል። ነርስ ነኝ ብዬ ብዬ ሰለቸኝ፤ ለእሱ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ በአማርኛውም ሴቱ ሁሉ ወንድ ነው።

አንድ ቀን አንድ መካኒክ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሲመረምራት ቆየና፣ "ትንፋሽ የነሳት ካታላይዘሯ ነው፤ ይውጣላት፤ ትበራለች" አለው። ካታላይዘር ማለት ጭስ ማውጫው መሃል ተቀምጦ ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ እኔም አልመራመርም። ወጣላት። በቦታው ባዶ ቱቦ ተበየደላት። ከዚያ ወዲህ ቾል ገና ሰፈራችን መግቢያ ሳይደርስ ሚስቱ እራት ታቀርባለች። ባጃጆች መንገድ ይለቁለት ጀመር፤ እግረኛው ዞር ብሎ ያያል። "ጉልበት አገኘች!" ተባለ። ጉልበቷን የለካው ግን አንድም ሰው የለም። ጮኸች፣ ስለዚህ በረታች። ስንቱን ሰው በዚሁ መስፈርት ሾመነዋል!

ደግሞ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ የማንም ድካም አይታወቅም። መሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ ስላለች ብቻ ቾል ቅር ብሎት ፕላስተር ለመነኝ። ሰጠሁት። ለጠፈባትና ተገላገለ።

ከዚያ አጎቴ ሞተ።

ያሳደገኝ እሱ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ ደብተር የገዛልኝም፣ አጥፍቼ የገረፈኝም አጎቴ ነው። የሚቀበረው ጎሬ ሳይደረስ ቡሬ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባልኩ። አፈር ሲለብስ ከመድረስ በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም። ባስ ለመያዝ ስጣደፍ ቾል ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆመ።

"ዶክተር፣ በሐዘን ቀን ባስ? እኔ እያለሁ? መኪናው አሁን ፓወር አለው። ግባ።"

ገባሁ። ከሥራው አስፈቅዶ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?

ቦንጋ ድረስ፣ የከፋዋ ሳትሆን የጋምቤላዋ፣ ደህና ሄድን። መንገዱ ሽቅብ ሲል ግን የመኪናዋ ጩኸት ጨመረ፣ መሄዷ ቀነሰ። ቾል ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው፤ ማርሹን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረገው። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች አልፈውን ሄዱ። አንደኛዋ ዞር ብላ በሐዘኔታ አየችን። ሙቀቱ ሲያይልባት ቆምን፤ ስትበርድ ተነሣን፤ ብዙም ሳንርቅ ደግመን ቆምን። ቾል ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ቀበረ። ላቡ ይንጠባጠባል።

ባሱ የመጣው ያኔ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "ቡሬ፣ ጎሬ፣ መቱ! አንድ ሰው!" አለ። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁ፤ ይደርሳል።

"ሂድ፣ ዶክተር" አለ ቾል፣ ቀና ሳይል።

እንዲያው ለአፉ ያለኝ መሰለኝ። ለእኔ ብሎ የመጣን ሰው ገደል አፋፍ ላይ ትቼው ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል? "አብረን መጣን፣ አብረን እንደርሳለን" አልኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ባሱ ሄደ።

ስንደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ እየወጣ ነበር። አፈሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አልወጣልኝም። ለምን ቀረህ ብሎ የተቆጣኝ የለም። የአጎቴ ሚስት እትዬ አስካለ ጭራሽ ቾልን አቅፈው፣ "ልጄን ብለህ ይህን ሁሉ ተንከራተትክ? እግዜር ይስጥህ" አሉት። ዘመዱ ሁሉ እየተነሣ መረቀው። በተመረቀ ቁጥር ቾል አንገቱን ይደፋል።

ሠልስቱ ሲወጣ ተመለስን። ቁልቁለቱን መኪናዋ ትበራለች። "ደህና ሆነች እኮ" አልኩት። ባሱ ያለፈን ኩርባ ላይ ስንደርስ ዳር ይዞ አቆማት።

"እዚህ ነው" አለ። "ለምን አልሄድክም?"

"አንተን ጥዬ?"

"እኔ መኪና አለኝ! አንተ ብትደርስ የተበላሸ መኪና ብቻ ነበር፤ መኪና ይጠገናል። አሁን ከአጎትህ ቀብር ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። አንተ አትቆጣም። አክስትህ ይመርቃል። ነገ ደግሞ በአጥር 'እንዴት አደርክ' ትለኛለህ። እኔ ይሄን የት ላስቀምጠው? ተቆጣ፣ ዶክተር።"

"ምን ብዬ እቆጣለሁ?" አልኩ፤ ለመሳቅም ሞከርኩ። አልሳቀም፤ ይጠብቃል።

አፌን ከፈትኩ። "በሐዘኔ ቀን..." ብዬ ጀመርኩና መመለሻው ጠፋኝ። ዳገት በማትወጣ ቆርቆሮ ጭነኸኝ መጣህ፣ ያሳደገኝን ሰው ሳልሸኘው አስቀረኸኝ፣ ማን ውሰደኝ አለህ፣ እያልኩ ጮህኩበት። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩበት። ከልቤ ነበር።

ሲያልቅልኝ ቾል ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ" አለና ሞተሩን አስነሣ።