ቀይ እስክሪብቶ ያልነካት ልጅ

ሰው፣ አስተማሪው ልጄን ተቆጣብኝ ብሎ ሲያማርር ስሰማ እቀናለሁ። አትሳቁ፣ የእውነቴን ነው። የእኔዋን ልጅ ያጠፋት ምስጋና ነው።

ሲጋል ትባላለች፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። የምንኖረው እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና አሌፍ የሚባል ሰፈር ነው። ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ መጻፍ ትወዳለች። ምግቡ ይበርዳታል እንጂ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም። ትልቅ ሰው ስትሆን ምን እንደምትሆን ሲጠይቋት ጸሐፊ ነበር የምትለው።

መምህሯ ኦርና ደግሞ ደግ ሴት ናት፤ ክፉ ቃል አይወጣትም። ሲጋል የጻፈችው ሁሉ «ኮል ሃካቮድ!» ተጽፎበት ይመለሳል፤ ክብር ይገባሻል እንደ ማለት ነው። ከጎኑ የሚስቅ ፀሐይ ይለጠፍበታል። እኔም ጎረቤት እንዲያይልኝ ሳሎን እሰቅለው ነበር። ምን ላድርግ? አባት አይደለሁ?

አንድ ቀን ከራሞት፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር የምትመጣ የክፍሏን ልጅ ወረቀት አየች። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ! ይሄ አይገባም፣ ይሄን አሳጥሪው፣ ይሄን እንደገና ጻፊው። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ፣ እኔ ተመሰገንኩ ይላል። የእኔዋ ፊቷን አጥቁራ ገባች። «አባ፣ ኦርና የሷን ታነባለች፤ የኔን ግን ሎ ኮሬት» አለችኝ። አታነብም ማለቷ ነው። ተይ፣ አስተማሪ አይታማም ብዬ ተቆጣኋት።

ምን አደረገች መሰላችሁ? አያቷ እስራኤል ለመግባት በእግራቸው እስከ ሱዳን ስለ መጓዛቸው ጻፈችና መሀሉ ላይ የሻምፖ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ያለውን ገለበጠችበት። ፀጉርዎን ያርጥቡ፣ በደንብ ይሹ፣ ይታጠቡ፣ ይድገሙ። ውሃ ጥም ሊገድላቸው የደረሰው ሰውዬ በረሃ ላይ ፀጉራቸውን ሁለት ጊዜ ታጠቡ ማለት ነው። ወረቀቱ ሲመለስ ምን ይላል? «ኮል ሃካቮድ! ልብ የሚነካ!»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ጥሩም ብጽፍ መጥፎም ብጽፍ ያው ነው። ከኔ ምንም አትጠብቅም» አለች።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በተሰባበረው ዕብራይስጤ ኦርናን፣ እባክሽ አርሚያት፣ ስህተቷን ንገሪያት አልኳት። ኦርና ፈገግ አለች። እናንተ ብዙ መከራ አይታችኋል፣ ልጆቻችሁን ማበረታታት ነው የሚሻለው አለችኝ። እንዳልገባት ሳይ፣ ጎንደር ላይ አባት ልጁን ለአስተማሪ ሲያስረክብ የሚለውን አልኳት፦ «ዓይኗን ብቻ ተዪልኝ፤ ሌላው ያንቺ ነው።» በእኛ ዘንድ ይህ አደራ ነው። አትራሪላት፣ አምኜሻለሁ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ምን መስሎ እንደሚሰማ እስቲ አስቡት። ሴትዮዋ ክው አለች።

በሳምንቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቴ መጣች። የልጄን ክንድ ገልጣ አየች፤ ማቀዝቀዣዬን ከፍታ አየች፤ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ምንም አላገኘችም፤ ግን ደግሞ አላመነችኝም። ኦርና ከዚያ ወዲያ ሲጋልን እንደ እንቁላል ያዘቻት። ምስጋናው እጥፍ ሆነ።

ሲጋል መጻፉን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ድርሰት ሲታዘዝ ስሟን ብቻ ጽፋ ታስረክባለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አባበልኩ። «ለማን ልጻፍ፣ አባ?» አለችኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ወላጆች ተጠራን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኦርና መድረክ ላይ ወጥታ የልጄን ስም ጠራችና በድርሰት ላሳየችው ትጋት የምስክር ወረቀት ሰጠቻት። ግማሽ ዓመት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ላልጻፈች ልጅ! ሲጋል ወረቀቱን ተቀብላ መሬት መሬት እያየች ወረደች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔስ? ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ከኋላዬ ተቀምጣ ስለነበር፣ ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ።