ባልዲ ውስጥ ሆኖ ውቅያኖስ የለካው መሣሪያ

ውቅያኖሱ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው! ጥልቀቱ! ከዳር እስከ ዳር! ኧረ በማኅተም የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ መሳቅ ክልክል ነው።

ለዚህ ታላቅ ግኝት ያበቃችን ሽቦ ናት። ሽቦ ያሏት ከኪሷ ሽቦ ስለማይጠፋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ሠርታ ዲጂታል ሶናር ፈጠረች። ውሃ ሲነካው ራሱ ይበራል፣ ድምፅ ይልካል፣ የገደል ማሚቶውን ሰምቶ ጥልቀቱን ይናገራል። በቃ፣ የቀረው ውሃ ውስጥ መሞከር ብቻ! የምርምር መርከቧ ደግሞ አርብ ትነሳለች። ካመለጠቻት የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ቁልፍ ግን መመሪያ አዋቂ ናቸው።

«ጋሽዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ውሃ ላስነካው?»

«ውሃ?! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? የመሥሪያ ቤት ንብረት እርጥበት አይንካው ይላል!»

«ሥራው እኮ ውሃ ውስጥ ነው!»

«ሥራው ሌላ፣ ንብረቱ ሌላ!»

እንዴት ያለ ጥበብ ነው! መሣሪያው በላስቲክ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ሐሙስ የፅዳት ሠራተኛዋ አቧራውን አይታ አላስችል አላት። ላስቲኩን ገፈፈችና መሣሪያውን ባልዲዋ ውስጥ ዘፈቀችው። ጢጥ! «22 ሳ.ሜ» አለ። ሽቦ ሮጣ በማስመሪያ ለካች፤ ልክ ሃያ ሁለት! ሴትየዋን አቅፋ ዘለለች።

ወሬውን የሰሙት የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተርም መጥተው ንግግር ጀመሩ። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት መሣሪያችን በባልዲ ውስጥ ብቃቱን አስመስክሯል! ስለሆነም ከተመሰከረለት ባልዲ እንዳይወጣ!»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ እንደዛ ከሆነ የሚለካው ባልዲውን ነው!»

«ልጄ፣ ባልዲው የት ነው የሚሄደው?»

«ውቅያኖስ ላይ።»

«ታዲያስ!»

አርብ ባልዲው መርከብ ተሳፈረ። ጋሽ ቁልፍ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ የባሕር ውሃ እንዳይረጨው ጃንጥላ ያዙለት። ሃያ ቀን ሙሉ፦ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት... አንድ ቀን ብቻ ሃያ ሆነ፤ ጋሽ ቁልፍ ፊታቸውን ታጥበውበት ነው። ሪፖርቱ «ባሕሩ አፈግፍጓል» ብሎ መዘገበው።

ዳይሬክተሩ ወዲያው የከርሞውን መርከብ ሰረዙ። ለሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር መርከብ ምን ያደርጋል? ቦት ጫማ ይበቃል! ጉዞውን በእግር፣ ከፊት ሆነው፣ ንግግር እያሰሙ ሊመሩት ነው።

አሁን ሪፖርቱ ሽቦ ጠረጴዛ ላይ ነው። ካልፈረመች መሣሪያዋ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከፈረመች ዳይሬክተሩ ለሽልማት ይሰጧታል፤ የእሷው ይሆናል፣ ያለ ባልዲ! ዳይሬክተሩ ግን ፊርማዋን አምነው በቦት ጫማ ውቅያኖስ ሊገቡ ነው።

እስክሪብቶዋን አንስታለች። እናንተ ብትሆኑ ትፈርሙ ነበር?